የሙኽታር ሰዓት እና የአባቴ አዛን

ሙኽታር መሞቱን የነገረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ከድሬዳዋ ደውሎ። «ኢንጂነር ሙኽታር አረፈ። ትናንት ቀበርነው» አለኝ። «ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» አልኩ፤ መባል ያለበትን። ከዚያ «ለመሆኑ ምን ከፍቶ ሳይዘጋ ነው የሞተው?» ብዬ ጠየቅሁት። ወንድሜ «አንቺ ሴትዮ፣ ሙት ወቃሽ አትሁኚ» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ።

ሙት ወቃሽ በሉኝ። ሰው ሲሞት በጎ በጎውን ማውራት ደንብ መሆኑን አውቃለሁ። ስንት ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ስለ ስንቱ የማይረባ ሰው «ደግ ነበር» ብያለሁ። ሙኽታር ላይ ስደርስ ግን ምላሴ እምቢ አለኝ። በሕይወቴ ብዙ ሰው ጠልቻለሁ፤ የጠላሁትን ሁሉ እየረሳሁ ነው የኖርኩት። የናቅሁት ግን እሱን ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ አንድ ቀን አልረሳሁትም።

እኛ የድሬዳዋ ነጋዴዎች ነን። አባቴ ሐጂ ዑመር ጅቡቲ ገብቶ ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር የጨርቅ ሱቅ ከፈተ፤ እኛም እዚያው አደግን፣ እዚያው ወለድን። የሙኽታር ዘመዶችም እንደኛው የድሬዳዋ ነጋዴዎች ናቸው። እሱ ብቻ ነው አዲስ አበባ ሄዶ ምህንድስና የተማረው። የኢትዮጵያ ጭነት ሁሉ በጅቡቲ መግባት የጀመረ ጊዜ መጣና ወደቡ ላይ ተቀጠረ። ሥጋና አትክልት የሚጫንባቸው ማቀዝቀዣ ያላቸው ኮንቴይነሮች አሉ፤ የነሱን ኤሌክትሮኒክስ ነው የሚጠግነው። በኋላ ሥራው ከከተማው በስተምዕራብ ወዳለው አዲስ ወደብ፣ ወደ ዶራሌ ሲዛወር በሰርቪስ ይመላለስ ነበር። ከእህቱ ጋር ግድግዳችንን ተጋርቶ ተከራየ። መጀመሪያ በራችን ላይ ቆሞ ራሱን ሲያስተዋውቅ «ኢንጂነር ሙኽታር እባላለሁ» አለ። ወላጆቹ ሙኽታር ብለው እንዳወጡለት እርግጠኛ ነኝ፤ ኢንጂነሩን ግን ሰው እንዲጠራው ራሱ ነው ያስለመደው።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲሄድ ወደ ፊት ያዘነበለ ሰው ነበር። ሽርጡ ከብየዳ በሚረግፍ የእርሳስ ጠብታ ተበሳስቷል። የመነጽሩ አንድ እግር ሲሰበር ወደ መነጽር ሠሪ እንደመሄድ ከሳጥን እንጨት ጠርቦ አዲስ እግር ሠራለት፤ ስለዚህ መነጽሩ ሁልጊዜ ወደ ግራ የወረደ ነው። አንድ ዕቃ ሲያመጡለት የመፍቻውን ጫፍ ዕቃው ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከዚያ ራሱን ነቅነቅ ያደርግና «መጀመሪያ እንክፈተው» ይላል። ያልተበላሸም ቢሆን ይከፈታል። «የፋብሪካ ሥራ የችኮላ ሥራ ነው» የምትል አባባልም ነበረችው። ጃፓን ሠራው ጀርመን ሠራው፣ ለሱ ሁሉም የችኮላ ሥራ ነው።

የእናቴ ቬንትሌተር ሲዞር ትንሽ ሲጢጥ ይል ነበር፤ ሌላ ምንም ችግር የለበትም። ኻምሲን፣ ያ ከበረሃ የሚመጣው እሳት ነፋስ ሊገባ ሲል ሙኽታር ሰምቶ «እንክፈተው» አለ። ኻምሲኑ ሙሉ ቬንትሌተሩ ጋዜጣ ላይ ተበትኖ እኛ በካርቶን ስናራግብ ከረምን። መልሶ ሲያመጣው ሲጢጥታው ጠፍቷል። ነገር ግን ነፋሱን ወደ ኋላ ነው የሚሰጠው። እናቴ ፊቱ ተቀምጣ ላቧ ሲንጠባጠብ «ሙኽታር፣ ምነው አይነፍስብኝ?» ብትለው፣ ጀርባውን በእጁ ዳበስ አደረገና «ይነፍሳል እኮ፣ እማማ። ወንበሩን በዚህ በኩል ያዙሩት» አላት።

እኔ የምንቀው ሳይችል የሚሞክርን ሰው አይደለም። ባለቤቴ አንድ ምስማር መምታት አያውቅም፤ ሲያቅተው ይስቅና «አቃተኝ» ይላል፣ ሰው ይጠራል። ሙኽታር አፍ ውስጥ «አቃተኝ» የምትል ቃል አልተፈጠረችም። «ተሳሳትኩ»ም እንደዚሁ።

እህቴ ሳሚያ ልታገባ ነው። ሙኽታር ያን ሰሞን ሕትመት ጀምሮ ነበር፤ ቀጭን ጨርቅ እንጨት ላይ ወጥሮ ቀለሙን በጎማ እየገፋ ወረቀት ላይ ያትማል። የሰርጉን ጥሪ ካርድ ካልሠራሁ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ሠራም። ወሩ ግድግዳው ራሱ የሚያልብበት፣ የባሕሩ እርጥበት ቤት ድረስ የሚገባበት ወር ነው፤ ቀለሙ አልደረቀም። እንግዳው ሁሉ ሰርጉ ላይ አውራ ጣቱ ጠቁሮ መጣ። የሙሽራው አክስት ነጭ ሻሿን ነክታ የጣቷን ምልክት ይዛ ገባች። እኔ መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። ሙኽታር ግን በሩ ላይ ቆሞ ጣት እያየ «እንዲያውም ይጠቅማል። ያልተጠራ ሰው በቀላሉ ይለያል» ይል ነበር።

የሙሽሪት ቁምሳጥንም የሱ ሥራ ነው። ከወደቡ የጭነት መደገፊያ ጣውላ አምጥቶ፣ ልጎ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ሁሉንም በደረቁ በኻምሲን ወራት ሠራው። ሰርጉ አልፎ እርጥበቱ ውስጡ ሲዘልቅ እንጨቱ አበጠና በሮቹ ተቀርቅረው ቀሩ። የሳሚያ አዲስ ልብስ በሙሉ ውስጥ ነው። ለዒድ የኔን ቀሚስ ለብሳ፣ ወገቡ ላይ በመርፌ ቁልፍ ይዛ ወጣች። ሙኽታርን ብትጠራው ሳጥኑን በመፍቻው አዳመጠና «እንጨት ይተነፍሳል» አላት። ሳሚያ «እሱ ይተንፍስ፤ እኔ ምን ልልበስ?» አለችው። «ሰኔን ጠብቂ፤ ራሱ ይከፈታል» አለ። ሰኔ ላይ ኻምሲኑ ገብቶ ሲያደርቀው እውነትም ተከፈተ፤ ሙኽታርም ይህን እንደ ትንቢት ሲያወራው ከረመ።

እስከዚህ ድረስ ቢሆን ስቀን እንረሳው ነበር። ወደ ሰዓቱ ልምጣ።

አባቴ የሰፈራችን ትንሽ መስጊድ ሙአዚን፣ የሶላት ጥሪውን አዛን የሚያሰማ፣ ነበር። ሱቁን ለወንድሞቼ ካስረከበ በኋላ ሌላ ሥራ አልነበረውም። ቀኑ ከአዛን እስከ አዛን ነው የሚለካው፤ ልብሱ፣ እንቅልፉ፣ ምግቡ ሁሉ ለዚያ ነው። ከዚያ ዓይኑን ሞራ ያዘው። የእጅ ሰዓቱን ማንበብ ሲያቅተው ሰው እየጠየቀ ይጠራ ጀመር። አንድ ሁለት ጊዜ ዘገየ። የመስጊዱ ኮሚቴ አንድ ድምፀ መልካም ወጣት አዘጋጅቷል የሚል ወሬ ሰማን። አዛኑን ቢወስዱበት ለአባቴ ምን እንደሚቀረው ሁላችንም እናውቅ ነበር። ምንም አይቀረውም።

ሙኽታር ይህን ሰምቶ ቤታችን መጣ። አባቴ እግር ሥር ተቀመጠና «ሐጂ፣ እኔ ዓይን እሆንዎታለሁ። በቀይ መብራት የሚጽፍ፣ ቁጥሩ መዳፍ የሚያክል ሰዓት እሠራልዎታለሁ» አለው።

«አቦ፣ ከዱባይ የሚመጣ አለ እኮ። በየሱቁ ተሰቅሏል፤ ዛሬውኑ ገዝቼ መምጣት እችላለሁ» አልኩ።

«የፋብሪካ ሥራ የችኮላ ሥራ ነው፣ ነጂማ» አለኝ ዞር ብሎ እንኳን ሳያየኝ።

አባቴ ደግሞ «ተይው፣ ልጄ። የተማረ ልጅ ነው» አለ። አባቴ የተማረ ሰው ሲያይ ልቡ ይቀልጥ ነበር።

ስንት ወር እንደፈጀበት አላስታውስም። የእንጨት መላጊያው ድምፅና የብየዳው ሽታ በግድግዳው በኩል ይመጣብን ነበር። ሲጨርስ እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ሰዓቱ ያምር ነበር። ሳጥኑ እንደ ቁርአን መደርደሪያ የተወለወለ እንጨት ነው። ፊቱ ላይ ባለው መስታወት የአምስቱን ሶላቶች ስም በዚያው በጨርቅ ሕትመቱ በወርቃማ ቀለም አትሞበታል፤ ያን ጊዜ ቀለሙም ደርቋል። ጀርባውን በዊንታ አስሮ በላዩ ሙጫ አፈሰሰበት። ሰው ሁሉ የዘጋውን ሲከፍት የኖረ ሰው ያን ብቻ ዘጋው። ማስተካከያ ቁልፍ የለውም። «ለምን?» ብዬ ብጠይቀው «ማስተካከያ የሚያስፈልገው የሚሳሳት ሰዓት ነው» አለኝ።

መስጊዱ ውስጥ ሰቅሎት እንዴት እንደሚሠራ ለጀማዓው፣ ለሰጋጁ ሁሉ፣ አስረድቷል። ግድግዳው ላይ ያለው ኩራን፣ መብራቱ ማለቱ ነው፣ በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ ይመታል፤ የሙኽታር ሰዓት ምቱን እየቆጠረ ነው ጊዜ የሚያውቀው። «ሌላው ሰዓት የራሱን ልብ ያዳምጣል፤ የኔ የአገሩን ልብ ነው የሚያዳምጠው» አለ። ጀማዓው ማሻአላህ አለ። አባቴ የመጀመሪያ ቀን አፍንጫው መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግቶ ቆመ፤ ቀዩ መብራት ጢሙ ላይ ይበራ ነበር። ቤት ሲመለስ ልብሱን ሳይቀይር «ነጂማ፣ አየሁት። ቁጥሩን ራሴ አየሁት» አለኝ። ያን ቀን ሙኽታርን ላመሰግነው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

ረመዳን ነሐሴ ላይ ዋለ። ሙቀቱ ሲበረታ መብራት መሄድ አበዛ፤ አንድ ነጋዴ ለመስጊዱ ጀነሬተር ሰጠ። መብራት ሲሄድ ጀነሬተሩ ይነሳል፤ ሰዓቱም አይጠፋም። ከሳምንት በኋላ በሰዓቱ የሚጠራው አዛን ከሬዲዮው ሲቀድም አስተዋልኩ። ብዙ አይደለም፤ ግን ይቀድማል። ሰፈሩ ደግሞ ደስ ብሎታል፤ «የኛ ሐጂ አይጨክኑም» ይላሉ። በረመዳን አፍ የሚከፈተው፣ ጾሙ የሚፈታው፣ በምሽቱ አዛን ነው። ስልክ የሌለው ሰው የለም፤ ግን ሐጂ ከጠራ በኋላ ስልኩን የሚያይ ማን ነው?

ሙኽታርን ከሥራ ሲመለስ በር ላይ ያዝኩት። «ሰዓትህ ይቀድማል» አልኩት።

«ከምኑ?»

«ከሬዲዮው።»

መነጽሩን አቃና። «ሬዲዮው ነው የዘገየው» አለኝ።

ለአባቴ ነገርኩት። «ሙኽታር ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። የሙኽታርን መልስ ስነግረው «በቃ፣ እሱ ያውቃል» አለ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ መብራት ከማለዳ ሄዶ ሲመሽም አልተመለሰም። ጀነሬተሩ ቀኑን ሙሉ ሲጮኽ ዋለ። ሳምቡሳውን አውጥቼ፣ ቴምሩን ደርድሬ፣ ልጆቹን ሰብስቤ ተቀምጫለሁ። የአባቴ ድምፅ መጣ። ቢስሚላህ ብዬ ቴምሬን ነከስኩ። ጎረቤታችን ሶማሌዋ ፋዱማ በአጥሩ በላይ ብቅ አለች። «ነጂማ፣ ወላል፣ እህቴ፣ አትዋጪው። ፀሐይዋ ዶራሌ ላይ ቁጭ ብላለች» አለችኝ። ወጥቼ አየሁ። ቀይ፣ ሙሉ፣ አንድም ጎኗ ያልጎደለ ፀሐይ። ከሌላ መስጊድ አንድም ድምፅ አይሰማም። አባቴ ብቻውን ይጠራል። ድምፁ ያን ቀን ከምንጊዜውም በላይ ያምር ነበር፤ ዛሬም ሳስበው የሚያቃጥለኝ እሱ ነው።

ሰፈሩ በሙሉ ቴምር አፉ ውስጥ ይዞ መንገድ ላይ ወጣ። አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ይተፋል፣ አንዱ ይራገማል። የዚያ ቀን ጾም ለሁሉም ፈረሰ፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ቀናትም አጠራጠሩ። ቀዷ ይወጣል ተባለ፤ ከረመዳን በኋላ ሁሉም መልሶ ሊጾም ነው።

በማግስቱ ከሰዓት፣ የአስር ሶላት እንዳበቃ ጀማዓው ተሰበሰበ። እኛ ሴቶች ከመጋረጃው ጀርባ ነን። ሙኽታር ተነሥቶ ሲናገር እያንዳንዱን ቃል ሰማሁ። ጀነሬተር እንደ ከተማው መብራት ልክ ሃምሳ አይመታም፣ ይቸኩላል፤ ሰዓቱ ግን የተሰጠውን ምት አንድ ሳያጓድል ቆጥሯል አለ። መሃል ላይ ፈረንሳይኛ ቀላቀለበት። መጨረሻ ላይ «ሰዓቱ አልተሳሳተም» ብሎ ተቀመጠ። ከንግግሩ ሁሉ ሰው የገባው ይቺ ብቻ ናት። አንድ ሰው «እንግዲያ ማን ነው የተሳሳተው?» አለ።  ሙኽታር ይነሣል ብዬ ጠበቅሁ። የተነሣው አባቴ ነው።

«ዓይኔ ነው። ቁጥሩን አሳስቼ አንብቤዋለሁ። አፉ በሉኝ» አለ።

የመግሪብን፣ የምሽቱን፣ አዛን ያን ቀን ወጣቱ ጠራ። አባቴ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልጠራም።

ሙኽታር ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ በየጁምዓው ቤታችን መምጣት ጀመረ። የአባቴን ሬዲዮ ይከፍታል፣ የአልጋውን እግር ያጠብቃል፣ ምርኩዙን ይልጋል። ሻይ ሳቀርብለት ሆን ብዬ ስኳሩን እተወዋለሁ፤ ምንም ሳይል ይጠጣል። አንዲት ቃል ነበር የምጠብቀው፤ «ጥፋቱ የኔ ነው» እንዲል። አባቴ ከአልጋ ከዋለ በኋላ የወጣቱ አዛን ሲሰማ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሰው ሁሉ አዛን ሲሰማ ተከትሎ ይላል፤ እሱ ግን ቀድሞ ይሄድ ነበር። ሙኽታር አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያንን ያያል፤ መፍቻውን በእጁ ያገላብጣል። አባቴን ስንቀብርም ያቺን ቃል አላላትም። በኋላ ራሱ ታሞ ወደ ድሬዳዋ ሲገባ ልሰናበተው አልወጣሁም።

ወንድሜ ስልኩን ከዘጋብኝ በኋላም ለቅሶ ላለመሄድ አስቤ ነበር። እህቱ ግን ዛሬም ጎረቤቴ ናት፤ እዚሁ ለቅሶ ተቀምጣለች፤ ሄድኩ። ወንዶቹ በረንዳው ላይ፣ እኛ ውስጥ፤ በሩ ክፍት ነው። አንድ የወደብ ባልደረባው ሙኽታርን ያወድሳል። የመስጊዱን ሰዓት አነሣ። «እንከን ያልነበረው ሥራ ነበር። ሙአዚኑ ዓይናቸው ባይደክም ዛሬም በሠራ» አለ።

ተነሥቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ሴት በዚያ ሰዓት እዚያ አትቆምም። «የአባቴ ዓይን አልተሳሳተም። የተሳሳተው ሰዓቱ ነው። የሠራው ሰው ያውቅ ነበር፤ ደብቆ ሞተ» አልኩ።

የኮሚቴው ሽማግሌ አው ሰዒድ ከጥግ «ነጂማ፣ ቁጭ በይ» አለኝ።

«አልቀመጥም።»

«እንግዲያው ቆመሽ ስሚ። ያን ቀን ከስብሰባው በፊት ሙኽታር ሰዓቱን ተሸክሞ አባትሽ ዘንድ መጣ። እኔም ነበርኩ። 'ሐጂ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ጀነሬተሩን አላሰብኩትም። ለጀማዓው እናገራለሁ' አለ። ያለቅስ ነበር። አባትሽ ነው የከለከለው።»

«ለምን?»

«'እኔ ብተወው አዛን አይቋረጥም። ይህ ልጅ ግን ተሳሳተ ከተባለ ምኑም አይተርፍም' አለ።»

 «ሙኽታር ስንት ጊዜ ለመነው?» አልኩ።

አው ሰዒድ መቁጠሪያውን እያየ «ምኑን?» አለ።

«ልናገር ብሎ። ስንት ጊዜ?»

«አንድ ጊዜ።»

«አንድ ጊዜ ተከልክሎ ተቀመጠ?»

«አንድ ጊዜ ነው፣ ልጄ» አለ።

ወደ ሴቶቹ ተመለስኩ። ሙኽታርን የናቅሁ መስሎኝ ስኖር አባቴ ከኔ ብሶ ንቆት ነበር። እኔ ጥፋቱን ሊሸከም የሚገባው ሰው ነው ብዬ ነበር የተቆጣሁት፤ አባቴ ግን መሸከም እንደማይችል ገና ሲያየው ቆርጦ፣ የራሱን አዛን እንደ ብርድ ልብስ አለበሰው። በሁለቱም ተናደድኩ፤ በአባቴ ይበልጥ። ዱዓ ተጀመረና እጄን ዘረጋሁ። ለአባቴ ነው የምለምነው፣ ለዚያ ሰውዬ አይደለም ብዬ ለራሴ ነገርኩ። ዱዓ አድራጊው የሙኽታርን ስም ሲጠራ ሴቶቹ ሁሉ አሚን አሉ። አባቴ ቢኖር ከሁሉም ቀድሞ አሚን ይል ነበር። እኔም አልኩ፤ ዘግይቼ፣ ከሁሉም መጨረሻ።